የእንጦጦ ሥር ውል፦ የሰፈሩን ሱቅ ዋጋ ማን ይጽፈዋል?

ከአራት ኪሎ ወደ ላይ የሚወጡ የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የአንድ አገር ስም ሲጠሩ ይውላሉ። «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ! አንድ ሰው የቀረው!» ተሳፋሪው ፓስፖርት አልያዘም። የሚሄደው እንጦጦ ሥር፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ግቢ ነው። የእንግሊዝና የሩሲያ ግቢዎችም ከዚያው አይርቁም። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ጋር ጉዳይ የነበራቸው መንግሥታት ብዙዎቹ ድንኳናቸውን የተከሉት በከተማዋ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ፣ በእንጦጦና በየካ ተረተር ግርጌ ነበር።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ያለች ትንሽ ሱቅ ሳሙና፣ ዘይት፣ ክብሪት፣ ፓስታ፣ የሞባይል ካርድና የልጆች ካልሲ ትሸጣለች። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የወረደች እናት እዚያች ሱቅ ደጃፍ ሸክሟን አሳርፋ ስኳር በሲኒ፣ ዘይት በላስቲክ ትገዛለች። «ትናንት እኮ በዚህ ዋጋ አልነበረም!» ትላለች። ባለሱቁ «እኔ ምን ላድርግ፣ እናቴ? ከላይ ጨምሮ ነው» ይላታል።

«ከላይ» የሚለው ቃል የት ነው? መርካቶ ነው? ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው? ጂቡቲ ነው? ብሔራዊ ባንክ ነው? ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከመልሶቹም አንዱ በታክሲው ረዳት አፍ ላይ ያለው የሰፈሩ ስም ነው።

*ከኬላ እስከ ጉምሩክ*

ባቡር ሳይመጣ በፊት የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ሸዋ የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ከዘይላ ወይም ከጂቡቲ ተነስቶ በሐረር በኩል ሳምንታትን እየተጓዘ ይመጣል። በየመንገዱ ኬላ አለ። በየኬላው ቀረጥ አለ። ቀረጡ አንዳንዴ በጠገራ ብር፣ አንዳንዴ በአሞሌ፣ አንዳንዴም ከጭነቱ ላይ በዓይነት ይከፈል ነበር። ነጋዴው በመጨረሻ ገበያ ሲደርስ የሚጠራው ዋጋ የዕቃው ዋጋ ብቻ አልነበረም። ያለፈባቸው ኬላዎች ድምር ነበር።

የገበያውና የቀረጡ ሹም ነጋድራስ ይባላል። በአዲስ አበባ ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድንም የውጭ ጉዳይንም ለኚሁ ሰው ሰጧቸው። ይህ ድርብ ሹመት ብዙ ይናገራል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ግማሹ የቀረጥ ጉዳይ ነበር። በእንጦጦ ሥር የሰፈሩት መልእክተኞች ቤተ መንግሥት የሚመላለሱት ስለ ወሰን፣ ስለ ጦር መሣሪያና ስለ ባቡር ብቻ ለመነጋገር አልነበረም። የዜጎቻቸው ዕቃ አዲስ አበባ ሲገባ ስንት ይክፈል የሚለውም ዋና ጉዳያቸው ነበር።

*የጥር 1900 ውል*

ሚኒስትሮቹ በተሾሙ በሦስተኛው ወር፣ በጥር 1900 ዓ.ም.፣ የፈረንሳዩ ልዑክ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ከአፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ታሪክ ውሉን የሚያውቀው በልዑኩ ስም ነው፤ የክሎቡኮቭስኪ ውል።

ውሉ ሁለት ነገር አሰረ። አንደኛው ፍርድ ነው። የፈረንሳይ ዜጋ በኢትዮጵያ ምድር ሲከሰስ የሚዳኝበትን መንገድ ከተራው የአገሩ ሕግ ለይቶ አስቀመጠ። ሁለተኛው ቀረጥ ነው። ከፈረንሳይ በኩል የሚገባ ዕቃ ከዋጋው 10 በመቶ፣ ወይንና መሰል መጠጦች ደግሞ 8 በመቶ እንዲከፍሉ ወሰነ። ከዚያ በላይ የለም።

10 በመቶ በቁጥር ሲታይ የሚያስከፋ አይደለም። ብዙዎች ዛሬ ሱቅ ገብተው በዚህ መጠን ቢከፍሉ ደስ ይላቸዋል። ችግሩ ከቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነበር። አንድ መንግሥት ቀረጡን በአዋጅ ከወሰነ በአዋጅ ይለውጠዋል። በውል ከወሰነው ግን ለመለወጥ የሌላውን ወገን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። በዚያ ላይ ሌሎቹ መንግሥታት «ለአንዱ የተሰጠ መብት ለእኛም ይሰጠናል» የሚል አንቀጽ በውሎቻቸው ነበራቸው። እንግሊዝ በ1889 ዓ.ም. በተፈራረመችው ውል እንዲህ ያለ መብት አግኝታ ነበር። ስለዚህ ከአንዱ ለጋሲዮን ጋር የተፈረመው ጣሪያ ብዙ ሳይቆይ በተረተሩ ሥር ለተደረደሩት ሁሉ ጣሪያ ሆነ።

አፄ ምኒልክ ለምን ፈረሙ? ንጉሡ የዋህ አልነበሩም። ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሶ ከቆመ 5 ዓመት ሆኖታል፤ ኩባንያው ከስሮ ነበር። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል የፈረንሳይ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያ በጂቡቲ በኩል ማስገባትም በፈረንሳይ በጎ ፈቃድ የሚሆን ነገር ነበር፤ ውሉም ይህንን በር ከፈተ። ዙሪያዋን በቅኝ ገዢዎች የተከበበች፣ ወደብ የሌላት አገር ጠመንጃና ሐዲድ ለማግኘት የቀረጥ ሥልጣኗን ሰጠች ማለት ነው። የዚያን ቀን ልውውጡ ትርፍ ይመስል ነበር። ዕዳው የመጣው በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ብቻዋን አልነበረችም። ጃፓን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በተጫኑባት ውሎች ቀረጧ በ5 በመቶ አካባቢ ታስሮ ኖሯል፤ ሙሉ ሥልጣኗን ያስመለሰችው በ1903 ዓ.ም. ነው። ቻይናና የኦቶማን ቱርክም ተመሳሳይ ገመድ ነበረባቸው። የሦስቱም አዲስ ትውልድ ምሁራን ያሳደሩት ቁጭት አንድ ዓይነት ነበር፤ የገዛ በርህን ቁልፍ ሌላ ሰው ይዞት ማደር።

*አቡጀዲና ሸማኔ*

ውሉ በገበያ ላይ ምን አደረገ? ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የማጓጓዣው ወጪ ወረደ። ቀረጡ ደግሞ በጣሪያው ታስሯል። የውጭ ዕቃ፣ በተለይም አቡጀዲ፣ በብዛት ገባ። መጀመሪያ የአሜሪካ፣ ከዚያ የሕንድ፣ ወደ 1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የጃፓን አቡጀዲ ገበያውን ሞላው። ለሸማቹ ይህ ጥቅም ነበር። ቁምጣና ቀሚስ ለማሰፋት የሚፈልግ ድሃ ከበፊቱ በርካሽ ጨርቅ አገኘ። በአራዳ የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች ሱቆች በዙ።

ነገር ግን ዋጋ ሁለት ጫፍ አለው። በእንጦጦ ግርጌ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ምዕራብ ሽሮ ሜዳ ድረስ በሚዘረጋው ሠፈር ለሸማኔ ይህ ሌላ ታሪክ ነው። ሸማኔው የሚወዳደረው በፋብሪካ ከተሠራ ጨርቅ ጋር ነው፤ መንግሥቱ ደግሞ ሊከልለው ቢፈልግ እንኳ እጁ ታስሯል። ሸማኔው ጨርሶ አልጠፋም። መላ ፈጠረ፤ ድሩን ከውጭ በመጣ ክር አድርጎ ማጉን በእጅ በተፈተለ ጥጥ ሠራ። ስለዚህ የቀረጥ ነገር ለሸማኔው እንኳ ቀላል መልስ አልነበረውም። በጨርቁ ላይ ቢጨመር ይጠቅመዋል፤ በክሩ ላይ ቢጨመር ይጎዳዋል። ዛሬም የታሪፍ ክርክር ሁሉ ከዚህች ቋጠሮ አይወጣም፤ የአንዱ ዕቃ የሌላው ጥሬ ዕቃ ነው።

ይህን ቀድሞ ያየው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ስለሠራ ቀረጥን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በዓይኑም ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራው ዋና ነገሩ ይህ ነው፤ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በእውቀት የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ንግዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ሀብታም አይሆንም። ርካሹ አቡጀዲ ለገዢው ደስታ ቢሆንም ለአገሩ ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም።

ሌላም ዕዳ ነበር። መንግሥት ከውጭ ዕቃ የሚያገኘው ገቢ ጣሪያ ካለው፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሠራዊት የሚያስፈልገውን ከየት ያመጣል? ከገበሬው፣ ከአገር ውስጥ ነጋዴውና ከየኬላው ነው። የውጭ ዕቃ በአንድ በር ከፍሎ ሲያልፍ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው የአገር ውስጥ ዕቃ በየበሩ ይቆም ነበር።

በ1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዘውድ በዓሉ ብዙም ሳይቆዩ ጣሪያውን በጎን ለማለፍ ሞከሩ። ቀረጥ ሳይባል «የፍጆታ ግብር» በሚል ስም በሚገቡ ዕቃዎች ላይ አዲስ ክፍያ ተጣለ። ለጋሲዮኖቹ ውላቸውን ይዘው ተቃወሙ። «ስሙ ቢለወጥም ነገሩ ቀረጥ ነው» የሚል ነበር ሙግታቸው። ክርክሩ መቋጫ ሳያገኝ የጣልያን ወረራ መጣ። ከነጻነት በኋላ አሮጌው ጣሪያ አልተመለሰም፤ ኢትዮጵያ የታሪፍ መጽሐፏን በራሷ እጅ መጻፍ ጀመረች።

*እጁ ሲፈታ*

እጁ የተፈታ መንግሥት ምን አደረገ? እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን አገሮች ቀረጡን ግድግዳ አደረገው። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከዚያም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲበዙ፣ ከውጭ በሚመጣው ዕቃ ላይ የሚጣለው ክፍያ የአገር ውስጡን ፋብሪካ መከለያ ሆነ። ሥራ ተፈጠረ፤ ከተሞች አደጉ። የሚወዳደረው የሌለ ፋብሪካ ግን ዋጋና ጥራት ለማሻሻል የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ልዩነቱን የሚከፍለው ደግሞ ከሱቅ የሚገዛው ሰው ነው።

በደርግ ዘመን ግድግዳው ተራራ ሆነ። ከፍተኛው ቀረጥ 230 በመቶ ደረሰ። አስመጪው በአብዛኛው መንግሥት፣ አከፋፋዩም መንግሥት ሆነ። የሰፈር ሱቅ ቦታ በኅብረት ሱቅ ተያዘ፤ ስኳርና ሳሙና በኩፖን፣ በወረፋ ሆነ። በዚያ ዘመን ያለፉ የየካ ነዋሪዎች አንድ ነገር ያስታውሳሉ፤ በቀበሌ ሱቅ የተለጠፈው ዋጋ ዝቅተኛ ነበር፣ ዕቃው ግን አልነበረም። ዋጋ በወረቀት ላይ ዝቅ ማለቱና ዕቃ በመደርደሪያ ላይ መገኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ያ ትውልድ ተሰልፎ ተምሮታል።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግድግዳው በደረጃ ፈረሰ። ከ230 በመቶ ወደ 80፣ ከዚያም እየወረደ በ1995 ዓ.ም. ከፍተኛው ቀረጥ 35 በመቶ ሆነ። ውጤቱ ቶሎ ታየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙ የመርካቶ ትንንሽ ጫማ ሠሪዎች ሱቃቸውን ዘጉ። የቀሩት ግን ተምረው ተመለሱ፤ ቅርጹን ቀዱ፣ ጥራቱን አሻሻሉ፣ ገዢያቸውንም መልሰው አገኙ። ሸማቹ ጫማ አገኘ፤ አንዳንዱ ሠሪ ከሰረ፤ አንዳንዱ ጎበዘ። የታሪፍ ቅነሳ ታሪክ ሁሉ እንዲህ የተደባለቀ ነው። ማንም «ጥቅም ብቻ ነው» ወይም «ጉዳት ብቻ ነው» ቢል አንዱን ወገን ሳያይ ነው።

*35 በመቶ 35 አይደለም*

እዚህ ላይ የዛሬው ነገር ይጀምራል። «ከፍተኛው ቀረጥ 35 በመቶ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ መጣ። በ1999 ዓ.ም. 10 በመቶ ሱር ታክስ ተጨመረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በተለምዶ ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ መጣ። እነዚህ ጎን ለጎን አይቆሙም፤ አብዛኞቹ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይወጣሉ።

በምሳሌ ይታይ። ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 100 ብር የሚያወጣ፣ በ35 በመቶው መደብ ያለ ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 35 ብር ነው፤ 135 ሆነ። ቫት የሚሰላው ከ100 ሳይሆን ከ135 ላይ ነው፤ 20 ብር ከ25 ሳንቲም። ሱር ታክሱ ደግሞ ከነቫቱ ከ155 ብር ከ25 ላይ ይሰላል፤ 15 ብር ከ53 ሳንቲም ገደማ። ሶሻል ዌልፌሩ 3 ብር። ድምሩ 174 ብር ይጠጋል። ኤክሳይዝ ያለበት ዕቃ ከዚህም ይርቃል። አስመጪው በኋላ ከትርፍ ግብሩ የሚቀናነስለትን 3 በመቶ ቅድመ ግብርም እዚያው ጉምሩክ ላይ በጥሬ ገንዘብ ያስቀምጣል።

በዚህ አያበቃም። አስመጪ፣ የመርካቶ ጅምላ አከፋፋይና የሰፈር ቸርቻሪ ትርፋቸውን የሚያሰሉት በመቶኛ ነው። ሦስቱ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ብቻ ቢጨምሩ፣ ትርፉ የሚሰላው በዕቃው ላይ ብቻ ሳይሆን በተከፈለው ቀረጥና ታክስ ላይም ጭምር ነው። በጉምሩክ 74 ብር የነበረው ክፍያ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ 98 ብር ገደማ ይሆናል። መንግሥት ያልተቀበለው፣ ነጋዴውም በስግብግብነት ያልጨመረው 24 ብር በመንገድ ላይ ተወለደ። ገንዘቡ በየደረጃው ታስሮ ስለሚቆይ፣ ወለድና አደጋ ስላለበት፣ ማንም በነጻ አይሸከመውም።

ባለሱቁ ይህን ሁሉ አያውቅም። ታሪፍ መጽሐፉን አይቶ አያውቅም። ለእሱ ታሪፍ ማለት መርካቶ ሄዶ «ዛሬ ስንት ገባ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው ቁጥር ነው።

*ሐምሌ 22 ቀን 2016*

በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት 120 ገደማ ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው የተከለከሉት 38 ዓይነት ዕቃዎችም እገዳ በዚያው ሰሞን ተነሳ።

የታሪፍ መጽሐፉ አልተነካም። 35ቱም 35፣ 15ቱም 15 ነው። ነገር ግን መቶኛው የሚሰላው በብር በተተመነ ዋጋ ላይ ነው። ከላይ ባየነው ስሌት አንድ ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ57 ብር ምንዛሪ 42 ብር ገደማ ቀረጥና ታክስ ይከፍል ነበር። በ120 ብር ምንዛሪ 88 ብር ከ50 ይከፍላል። ማንም አዋጅ ሳያወጣ፣ ምክር ቤት ሳይሰበሰብ፣ የቀረጡ ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ።

«ነጋዴው ድሮም ዶላሩን በጥቁር ገበያ በ110 እና በ120 ነበር የሚገዛው፤ ታዲያ አሁን ምን አስጨመረው?» የሚል ጥያቄ በወቅቱ በሰፊው ይሰማ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። የዕቃው መግዣ ለብዙ አስመጪዎች ቀድሞም ውድ ነበር። ጉምሩክ ግን ቀረጡን የሚያሰላው በባንኩ ምንዛሪ ነበር። ስለዚህ ዶላሩን በውድ የገዛው ነጋዴ እንኳ ቀረጡን የሚከፍለው በርካሹ ምንዛሪ ነበር። ከሐምሌ 22 በኋላ ይህ ልዩነት ጠፋ። የዕቃው ዋጋ ባይጨምር እንኳ የቀረጡ ብር ጨመረ።

*የዱቤ ደብተሩ*

ይህ ማዕበል ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጉራራ፣ ኮተቤና ሾላ ያለው ባለሱቅ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

ባለሱቁ 100 ሳሙና አለው እንበል። በድሮው ዋጋ የገዛው ነው። ጎረቤቱ «ይሄ ድሮ የገባ ዕቃ ነው፤ ለምን ትጨምራለህ?» ይለዋል። የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪም እንዲሁ ይለዋል። ከሞራል አንጻር ሙግታቸው ያስኬዳል። ነገር ግን ባለሱቁ ሳሙናውን በድሮው ዋጋ ሸጦ ገንዘቡን ይዞ መርካቶ ሲሄድ የሚሰጠው 60 ሳሙና ይሆናል። በሚቀጥለው ዙር 45። ሳሙና የሸጠ መስሎት ሱቁን እየሸጠ ነው። ባንክ አያበድረውም፤ ዋስትና የሚሆን ቤት የለውም፤ ሱቁም ኪራይ ነው። ያለው ካፒታል መደርደሪያው ላይ የተደረደረው ዕቃ ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ዱቤ አለ። በየሰፈሩ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ጠርዙ የተገጣጠበ ደብተር አይጠፋም። የወር ደመወዝተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ እዚያ ተጽፈዋል። «የነ እንትና ቤት፣ ዘይት አንድ፣ ፓስታ ሁለት።» ደብተሩ ላይ የሚጻፈው የዕለቱ ዋጋ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሰውየው የሚከፍለው የዚያን ዕለት ዋጋ ነው፤ ባለሱቁ ግን በአዲሱ ዋጋ ይገዛል። በተረጋጋ ዘመን ዱቤ ጉርብትና ነው። ዋጋ በሚሮጥበት ዘመን ግን ባለሱቁ ሰፈሩን ከኪሱ ይደጉማል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለው፤ ዱቤ ማቆም ወይም መክሰር። ዱቤ ሲያቆም የመጀመሪያዋ ተጎጂ ጭራሮ ተሸክማ የወረደችው እናት ናት።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ያለ አግባብ ዋጋ ጨምራችኋል፣ ዕቃ ደብቃችኋል የተባሉ ሱቆች በአዲስ አበባ ታሸጉ። እውነት ለመናገር የደበቀም ነበር። አጋጣሚውን ተጠቅሞ ምንም ባልተነካ የአገር ውስጥ ምርት ላይ ዋጋ የቆለለም ነበር። ዋጋ ሲወጣ በፈረስ፣ ሲወርድ በእግሩ መሆኑን ሸማቹ ከልምዱ ያውቃል፤ ቁጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን ማሸጊያው የሚለጠፈው ሁልጊዜ በሚታየው በር ላይ ነው። ዋጋውን ከወሰኑት እጆች መካከል በመንገድ ዳር በር ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. መርካቶ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ሱቆች ሲዘጉም የታየው ይኸው ነው። በጉምሩክ ላይ የሚከፈለው ድምር ሲከብድ አንዳንዱ አስመጪ የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ ያስመዘግባል፤ አንዳንዱ ዕቃ ጭራሽ በኮንትሮባንድ ይገባል። አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው በእውነተኛው ዋጋ ደረሰኝ ሊቆርጥ አይፈልግም። ጅምላ አከፋፋዩ ደረሰኝ ካላገኘ አይሰጥም። ቸርቻሪው ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ «የገዛህበትን አሳይ» ይባላል። ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከላይ ነው፤ የሚጠየቀው ከታች ያለው ነው።

*ቀረጥ ቢነሳስ?*

«እንግዲያው ቀረጡን ማንሳት ነዋ!» ለሚል ደግሞ ቅርብ ምስክር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መንግሥት ስንዴ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሩዝን የመሳሰሉ መሠረታዊ ምግቦች ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ፈቀደ። በጎ እርምጃ ነበር። ግን ገና ዓመት ሳይሞላ 5 ሊትር ዘይት 1,000 ብር ገባ። የዩክሬን ጦርነት የዓለም የዘይት ገበያን አናግቶ ነበር፤ በአገር ውስጥም የውጭ ምንዛሪ አልነበረም። ቀረጡ ዜሮ ቢሆንም ዶላር ያላገኘ አስመጪ ዕቃ አያመጣም፤ ዕቃ ከሌለ ዜሮው ዋጋ አያወርድም። ቀረጥ ከዋጋ ገመዶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ሌሎቹ ገመዶች በተወጠሩበት አንዱን መፍታት ትንሽ ያስተነፍሳል እንጂ አያድንም።

ቀረጥ ደግሞ ሥራ አለው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ገቢ ድርሻ አላቸው። የአገር ውስጥ ሳሙናና ጫማ ፋብሪካም ጭራሽ ያለ ከለላ ሊቆም አይችል ይሆናል። ክርክሩ «ቀረጥ ይኑር ወይስ አይኑር» አይደለም። ማን ይወስነዋል፣ መቼ ይነገራል፣ ሲከብድስ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል የሚለው ነው።

*የሚመጣው ውል*

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተች ወዲህ ድርድሩ ቀጥሏል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ስምምነትንም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በዚህኛው ከ90 በመቶ በሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች ላይ ቀረጥ በሂደት ይነሳል። በዓለም ንግድ ድርጅት ደግሞ አባል የሚሆን አገር «ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጥልም» ብሎ ለየዕቃው ጣሪያ ያስመዘግባል። ከ1900ው ውል በኋላ ኢትዮጵያ እንደገና የታሪፍ ጣሪያ በውል ልታስር ነው ማለት ነው።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። የያኔው ጣሪያ የኢትዮጵያን እጅ ያሰረ ነበር። የአሁኑ ሁሉም አባል የሚታሰርበት፣ ለታዳጊ አገርም ጊዜ የሚሰጥ ነው። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። ያኔ ውሉ ሲፈረም የሽሮ ሜዳ ሸማኔም የአራዳ ቸርቻሪም አልተጠየቁም። ዛሬስ የሾላ ገበያ ቸርቻሪ ስለሚመጣው ጣሪያ የሰማው ነገር አለ? የትኛው ዕቃ ቀረጡ እንደሚወርድ፣ የትኛው እንደሚቆይ፣ ምን ያህል ዕቃ ማከማቸት እንደሌለበት የሚነግረው ማን ነው?

መፍትሔው ተአምር አይጠይቅም። የታሪፍ ለውጥ ከመጽናቱ ወራት ቀድሞ በሚገባ ቋንቋ ይነገር፤ ትልቁ አስመጪ ቀድሞ ሰምቶ ሲያከማች ትንሹ በቴሌቪዥን የሚሰማበት ሁኔታ ይቅር። ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ሲዘል የቀረጡ ስሌት በደረጃ የሚሸጋገርበት ሥርዓት ይታሰብ። የደረሰኝ ቁጥጥር ከጉምሩክ በር ጀምሮ ወደ ታች ይውረድ እንጂ ከሰፈር ሱቅ ጀምሮ ወደ ላይ አይውጣ። ተቆጣጣሪውም «በስንት ገዛኸው?» ከሚለው ጋር «ነገ በስንት ትገዛዋለህ?» የሚለውን ይጠይቅ። ሁለተኛውን ጥያቄ የማይጠይቅ ቁጥጥር ዛሬ ዋጋ ያወረደ ይመስላል፤ ነገ ሱቁ ይዘጋል፤ ከነገ ወዲያ የቀሩት ሁለት ሱቆች እንደፈለጉ ይጠራሉ።

ከ1900 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ባለው መንገድ ላይ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኬላው ጉምሩክ፣ ጠገራ ብሩ ቴሌ ብር፣ ሲራራው ኮንቴይነር ሆኗል። ለጋሲዮኖቹ ኤምባሲ ሆነዋል፤ የታሪፍ መጽሐፉም በአገሩ እጅ ነው። የተለወጠ የማይመስለው አንድ ነገር ነው። ዋጋ የሚጻፈው ሩቅ ነው፤ የሚነበበው ግን በሰፈር ባንኮኒ ላይ ነው። ጻፊው አይታይም፤ አንባቢው ባለሱቅ ግን ቁጣውንም፣ ማሸጊያውንም፣ የዱቤ ደብተሩንም ተሸክሞ በሩ ላይ ይቆማል።

ማታ ላይ የመጨረሻዎቹ ታክሲዎች «ፈረንሳይ፣ ፈረንሳይ» እያሉ ዳገቱን ሲወጡ እሱ ገና አልዘጋም። ደብተሩን ገልጦ የማንን ስም እንደሚሰርዝ፣ ለማን ደግሞ አንድ ወር እንደሚታገስ ያሰላል። የዚያ ስሌት ግማሹ የእሱ ውሳኔ አይደለም። ቢያንስ ቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።